የነገሌው ማሽን እና የመነሻዋ ነጥብ

ባለፈው ወር አንድ እንግዳ ግቢዬ ገብቶ ማሽኔን ዞሮ ዞሮ አየና ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረ። ምን ጠፋብህ ብዬ ብጠይቀው የፋብሪካውን ስም የያዘች ሰሌዳ ናት አለኝ፤ የት አገር እንደተሠራ ማወቅ ፈልጎ ነው። እዚሁ ነው የተሠራው አልኩት። ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የምር ቀልድ መስሎት ነው። ነገሌ ከብት ይሸጣል፣ ቅቤ ይሸጣል፣ ወደ ሞያሌና ወደ ፊልቱ መኪና ያሳልፋል፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ግን ነገሌ ላይ አይወለድም ብሎ ያምናል። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለዚያ ሳቅ መልስ እንዲሆን ነው።

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፤ የምስክር ወረቀትም በመስታወት አድርገው ሰጡኝ። ንግግር ያደረገው ኃላፊያችን «ከእንግዲህ ጋሽ ደምሴ ይረፉ» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ማረፍ ያለበት የደከመ ሰው ነው፤ እኔ የወጣሁት ዕድሜዬ ሞልቶ እንጂ ደክሞኝ አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያምታታ መሥሪያ ቤት ሌላም ብዙ ነገር ያምታታል።

አባቴ ከመሐል አገር ለውትድርና መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከመንገድ ተማርኩ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ሥራ የሚባል ነገር በጠፋበት ጊዜ፣ የውሃ ፓምፕ የሚጠግን መሥሪያ ቤት ውስጥ ረዳት መካኒክ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ስሙ በየጊዜው ስለተቀያየረ የቱን እንደምጠራም አላውቅ። ስለ ደመወዙም ብዙ የምለው የለኝም። ያኖር ነበር፤ አያኮራም ነበር።

ወርክሾፑ ውስጥ አንድ አሮጌ ቶርኖ ነበር። ብረት ይዞ እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን ነው፤ እሱን የሚያዙት ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር ከአጎታቸው ጋር ለንግድ መጥተው፣ ሱቅ መቀመጥ ሰልችቷቸው ብረት ላይ የቀሩ ሰው ናቸው። ወንድሞቻቸው ገበያ መሐል ጨርቅ ሲሸጡ እሳቸው ጥቁር ዘይት ተለቅልቀው ይውላሉ። ዘመዶቻቸው ስለ እሳቸው የሚያወሩት እንደ ጠፋ ሰው ነበር። እኔን ግን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ማንኛውንም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ብረቱ ላይ በሹል ነገር አንዲት ነጥብ ይመታሉ። ይቆርጣሉ፣ ይልጣሉ፣ ያዞራሉ፤ በመጨረሻ የመቁረጫውን ጫፍ መልሰው እዚያችው ነጥብ ላይ ያሳርፉታል። ጫፉ ነጥቧ ውስጥ ከገባ ሥራው አለቀ። ካልገባ፣ ዕቃው ለዓይን የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቦታው ጥግ ያለው የውዳቂ ሳጥን ነው። ሰው የት እንደሄደ የሚያውቀው ከተነሳበት መመለስ ሲችል ነው ይሉኝ ነበር። ሌላ ልማድም ነበራቸው። ሞተር ሲሠራ መዳፋቸውን ይጭኑበትና እስከ አሥር ይቆጥራሉ። መዳፍ አሥር ድረስ ካልቻለ ሞተሩ ወዲያው ይዘጋል፤ ሞተር የሚሞተው በሙቀት ነው። ይህን የመዳፉን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ ሠርቶኛል።

ከዚያ በኋላ ያልተላክሁበት ቦታ የለም። ቦሬ ደጋ ነው፤ ጭቃው መኪና ይውጣል። ፊልቱ ደግሞ መፍቻ ፀሐይ ላይ ረስተህ መልሰህ ስታነሳው ቆዳህን ይዞ ይቀራል። ሞያሌ ላይ ዕቃው ከወዲያ ማዶ ሱቅ ውስጥ እየታየህ ወረቀቱ እስኪያልቅ ከወዲህ ትቆማለህ። በየሄድኩበት ግን አንድ ቃል ቀድማኝ ትደርስ ነበር፤ «ይታዘዛል» የምትል። ፓምፕ የሚቆመው በትልቅ ነገር አይደለም። የጣት ውፍረት የሌላት ቁራጭ ታልቅና ከተማ ይጠማል። ኃላፊው ይመጣል፣ ያያል፣ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል ይላል፣ ይሄዳል። ይታዘዛል ማለት ዝናብ ከዘነበና ማንም ከማይፈልገው በኋላ ይደርሳል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ሞያሌ ላይ እንዲህ ያለች ቁራጭ አልቃ ፓምፕ ሲቆም ጋሽ ሸምሱን አስጠራሁ። በአንድ ከሰዓት ከወደቀ የጭነት መኪና ነሐስ በሞረድ ቀርጸው አወጧት። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ግን የዕቃ ቁጥር የሌለው ነገር መንግሥት ፓምፕ ውስጥ አይገባም ብሎ ከለከለ። ጋሽ ሸምሱ ክርክር አይወዱም። መዶሻቸውን አንስተው ነሐሱ ላይ አራት ቁጥር መቱበት። ኃላፊው ቁጥሩን መዝገቡ ላይ አሰፈረና ፈቀደ። በመንገድ ላይ የምን ቁጥር ነው ብዬ ብጠይቃቸው የወንድሜ ሱቅ የቤት ቁጥር ነው አሉኝ። ያች ቁራጭ እኔ ከሞያሌ እስክዛወር ድረስ ትሠራ ነበር።

ቶርኖ ግን የሚያውቀው ክብ ነገር ብቻ ነው። ፓምፕ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል፣ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋ ባለ ስድስት ክንፍ ዕቃ አለ። ክንፎቹ ቆልመም ያሉ ስለሆኑ ቶርኖ አይቀርጻቸውም። ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ አምሳሉን ከቦሬ በመጣ የዝግባ እንጨት በእጃቸው ይቀርጹታል፤ ብረት ድስት የሚያቀልጠው ሰውዬ አምሳሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ያወጣውና በቦታው የቀለጠ አሉሚኒየም ያፈስበታል። ስድስቱም ክንፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣ ነበር። ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና መቅረጽ አቆሙ። የሞቱት እኔ ፊልቱ ሳለሁ ነው፤ ስደርስ ተቀብረዋል። አባቴ ሲሞት ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ በእጄ ልቀርጽ ሞከርኩ። የኔ ስድስት ክንፎች የስድስት አባት ልጆች ይመስሉ ነበር።

ሲኤንሲ የሚባለውን፣ ኮምፒውተር የሚያዘውን ማሽን ያየሁት ሐዋሳ ለሥልጠና ሄጄ፣ አንድ አልጋ የሚሠራ ወርክሾፕ በር ላይ ቆሜ ነው። የአልጋ ራስጌ ላይ አበባ ይቀርጻል። ማንም አይነካውም፤ ፑንታው፣ ማለት መቁረጫው፣ ራሱ ይሄዳል፣ ይቆለመማል፣ ይመለሳል። ሰዎቹ አበባውን ያያሉ፤ እኔ የታየኝ ኢምፔለር ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ አስወጡኝ። ነገሌ ተመልሼ ለኃላፊያችን ብነግረው፣ ያው ኋላ ይረፉ ያለኝ ሰው ነው፣ ሳቅ ብሎ ጋሽ ደምሴ ይህ የፋብሪካ ነገር ነው አለኝ። ፋብሪካ ውስጥም የሚሠራው ሰው ነው አልኩት። አልሰማኝም።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ወርክሾፑም ተዘጋ። ቶርኖው በውዳቂ ብረት ሊሸጥ ሲል የገዛችው የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ገበያ ውስጥ የስልክና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ከደንበኛ ጋር በአንድ እስትንፋስ ኦሮምኛም አማርኛም ትከራከራለች። ቶርኖውን በጋሪ አስጭና እኔ ግቢ አራገፈችው። የአባቴ እጅ ያለበት ብረት ወደ እሳት አይሄድም፤ የሚያውቁት አንቱ ነዎት አለችኝ። በዚያ ቀን ጋቢውን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ሐዋሳ ያየሁትን ዓይነት ማሽን ልሠራ ተነሳሁ፤ አጥንቱን ቱቦላሬ በሚባለው የብረት ቱቦ በየድኩት። መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ጀርባ ዝናብ ሲመታቸው የከረሙ ሦስት የሞቱ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ነበሩ፤ በማመልከቻ ጠይቄ ወሰድኳቸው። ለስላሳ ዘንጎቻቸውን ለመንሸራተቻ፣ ኩሽኔታዎቻቸውን ለመደገፊያ አደረግኩ። ትንንሽ ሞተሮቻቸው እንጨት ለመግፋት አቅም አልነበራቸውም፤ ግን አስተማሩኝ። ትልልቆቹን ሰዓዳ በነጋዴ ዘመዶቿ በኩል ከሞያሌ ማዶ አስመጣችልኝ።

ይህ ስቴፐር የሚባለው ሞተር እንደ ፓምፕ ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ በእርምጃ ነው የሚሄደው። የኔዎቹ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ሁለት መቶ እርምጃ ይፈጃሉ። ሃምሳ ካልከው ሩብ ዙር ሄዶ ቀጥ ይላል። አራት ሽቦ ይወጣዋል፤ አራቱ ሁለት ጥንድ ናቸው። የትኛው የትኛውን እንደሚያገባ ካላወቅክ ሞተሩ ባለበት እየተንቀጠቀጠ ያጉረመርማል እንጂ አይሄድም። መመሪያ ወረቀት አብሮት ስላልመጣ ዘዴውን በሙከራ አገኘሁት። ሁለት ሽቦ ጫፍና ጫፉን አጠላልፌ ዘንጉን በጣቴ አዞራለሁ። ቀለል ብሎ ከዞረ ጥንድ አይደሉም። እንደ መያዝ፣ እንደ መጎርበጥ ካለ ጥንዶቹ እነሱ ናቸው። ይህን ያወቅኩ ቀን ብቻዬን ግቢው መሐል ቆሜ ሳቅኩ።

ሞተሩ የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ዘንግ በጋሽ ሸምሱ ቶርኖ አወጣሁት፤ በአንድ ዙር አምስት ሚሊ ሜትር ይገፋል። ስለዚህ አርባ እርምጃ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰዓዳ ከሱቋ ላመጣችልኝ ኮምፒውተርም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር ደግሞ ኤሌክትሪክ የምታድል ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ድራይቨር ይሏታል። ላይዋ ላይ ከምስር የማትበልጥ ብሎን አለች። እሷን በቀጭን ካቻቢቴ ስታዞራት ሞተሩ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ሞተሮቹን ካስነሳኋቸው በኋላ እንደ ልማዴ መዳፌን ጫንኩ። ስድስት ላይ ስደርስ እጄን አነሳሁ። ደነገጥኩ። ሥራ ዘመኔን ሙሉ የሞቀ ሞተር እየዘጋሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካቻቢቴውን አንስቼ ብሎኗን ቀነስኳት። እንደገና ስቆጥር አሥርን አለፍኩ፤ ሞተሩ ለብ ብቻ ብሏል። ሰዓዳ አጠገቤ ነበረች፤ ጉልበቱስ አልቀነሰም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞተር ሳውቅ አንቺ አልተወለድሽም አልኳት። ይህን ያልኩት አፌ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በዚያው ሰሞን አዴ ሎኮ የሚባሉ እናት መጡ። አዴ ሎኮ በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ ገናሌ ወንዝ አፋፍ ላይ ያለች አንዲት መንደር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። መንደሯ ከወንዙ ውሃ የሚያወጣላት ፓምፕ ነበራት። ኢምፔለሩን አሸዋ በልቶት ፓምፑ ከቆመ ሁለት ወሩ ነው። ሴቶቹ አህያ እየነዱ ገደሉን ወርደው ይቀዳሉ፤ አዞ አንድ አህያ ወስዷል።

«አካም፣ ደምሴ፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ በሩ ላይ ቆመው። «ዕቃው ታዟል አሉን። ለአዞው ማን ይንገርልን?»

በሳምንት አደርሳለሁ አልኳቸው። ማሽኔ ከዚያ በፊት ከመዝጊያ ጌጥ በቀር የቀረጸው ነገር የለም። ግን ያ ይረፉ የሚል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ማሳየት ፈለግኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኔም የታጠቅኩት እየሮጥኩ ነው።

የዝግባውን እንጨት አሰርኩና ማሽኑን ለቀቅኩት። አራቱን ክንፍ አሳምሮ ቀረጸ። አምስተኛውን ሊጀምር ሲል ፑንታው ከእንጨቱ ጉጥ ጋር ተጋጠመና አንዱ ሞተር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰማ። ከዚያ ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሲጨርስ ጋሽ ሸምሱ ቢኖሩ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ ጫፉን ወደ መነሻዋ ነጥብ ይመልሱት ነበር። እኔ ነጥብም አልመታሁም። ኮምፒውተር እየቆጠረ ለምን ነጥብ ያስፈልገኛል አልኩ። አምሳሉን ፈታሁ፣ ስቱኮ ቀባሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩና ለአቅላጩ ሰጠሁት። አሉሚኒየሙ ከወጣ በኋላ ሚዛኑን ስፈትሽ በአንድ ወገን አዘነበለ። ከከበደው ወገን በመሰርሰሪያ አወጣሁለት፤ አሁንም አወጣሁለት። ያን ያህል ቀዳዳ ያስፈለገው ዕቃ ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አየሁ፣ አለፍኩ።

ስንተክለው መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ጠዋት ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው ገደሉን ወጥቶ ገንዳው ውስጥ ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ። ፍየል ታረደ። ከሰዓት በኋላ እግሬ ሥር ያለው መሬት ሲርገበገብ ተሰማኝ። ወደ ማጥፊያው ሮጥኩ፤ ሳልደርስ ዘንጉ ተሰበረ፣ ኢምፔለሩን የያዘው የፓምፑ ቤት ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ውሃው ሽቅብ ተረጨ። መጀመሪያ የተበላሸው ኢምፔለሩ ብቻ ነበር። አሁን በኔ እጅ ፓምፑ ራሱ ሞተ። ማንም አልጮኸብኝም። አዴ ሎኮ አንዴ አዩኝና ጀሪካናቸውን አንስተው ገደሉን መውረድ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከፋው ቀን ያ ነው። ጀርባቸው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈቃድ የሌለው ግለሰብ ፓምፕ እንዳይነካ፣ ቢነካ በሕግ እንደሚጠየቅ ይላል፤ ከሥሩ ትልቅ ክብ ማኅተም አለበት። የፈረመው ይረፉ ያለኝ ኃላፊ ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደብዳቤው ልክ ነበር። እኔ ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ መጀመሪያ እንጨቱን፣ ቀጥሎ አቅላጩን ወቀስኩ። ኋላ አምሳሉን ከአቅላጩ መልሼ ወስጄ በካሊፐር ለካሁት። አራቱ ክንፎች በቦታቸው አሉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሸሽተዋል። ሦስት ሚሊ ሜትር መቶ ሃያ እርምጃ ነው። ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ሲል መቶ ሃያ ጊዜ አልረገጠም፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደረገጠ ቆጥሮለታል።

በሦስተኛው ሳምንት አዴ ሎኮ መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ወንበር አልተቀበሉም፤ ማሽኑ አጠገብ ሄደው ቆሙ።

«ያን ቀን ለምን ምንም አላሉኝም?» አልኳቸው።

«ጀሪካኑ ባዶ ነበር» አሉ። «አሁን ንገረኝ፤ ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው የዋሸህ?»

ነገርኳቸው። ሞተሩ ዓይን የለውም፤ ሂድ የተባለውን ያህል የሄደ እየመሰለው ነው የሚሠራው። መሐል ላይ ቢሳነው እንኳ ቀጣዩን እርምጃ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። አዴ ሎኮም ስለ አባታቸው ኤላ ያወሩልኝ ጀመር። ኤላ የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ሰዎች ከታች እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ፤ ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ እየዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ።

«አንዱ ቢጥለው ዘፈኑ አይቆምም» አሉ። «ከላይ ያሉት አያዩም። እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ባዶውን ይወረውራሉ። ግን ገንዳው ጋ አንድ ሰው አለ። ውሃው ካልደረሰ እሱ ይጮሃል። አንተ ገንዳው ጋ ማንን አቆምክ?»

ማንንም አላቆምኩም አልኳቸው። የጋሽ ሸምሱ ነጥብ ትዝ አለችኝና አንገቴን ደፋሁ።

«እሺ። ለምን ጣለው? አባቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን በላ ብሎ ነው። ሰውን ሳያበላ ኤላ የሚያስገባ ባለ ከብት እሱ ራሱ ነው ጥፋተኛው። ይኼ የሚበላው ምንድን ነው?»

«ኤሌክትሪክ።»

«ጠግቧል?»

እንዳይሞቅ ብዬ ቀነስኩበት አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ኤላ ውስጥ ላብ የሌለው ሰው ካየህ እሱ አልሠራም» አሉ። «የሚሠራ ይሞቀዋል፣ ደምሴ።»

በማግስቱ ሰዓዳ ሱቅ ሄጄ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀጥዬ የሞተሩን ወረቀት እንድታፈላልግልኝ ለመንኳት። ከላኪው ነጋዴ በስልክ አስመጣችው። ወረቀቱ ላይ ይህ ሞተር መዳፍ ሦስት እንኳ በማይቆጥርበት ሙቀት እንዲሠራ ሆኖ መሠራቱ ተጽፏል። ጋሽ ሸምሱ አልተሳሳቱም፤ መዳፋቸው ለዘመናቸው ሞተር ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከሁለቱ ልማዳቸው ለማላውቀው ሞተር የማይሆነውን ይዤ፣ ለሁሉም የሚሆነውን ጣልኩ።

ብሎኗን ወደ ላይ መለስኳት። ድራይቨሮቹ ላይ ከሞተ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ተከልኩ፤ ከበሉ አይቀር አየር ያግኙ ብዬ። ከዚያ መፈተኛ ወረቀት አስፈለገኝ። ዓይኔ ግድግዳው ላይ የሰካሁት ደብዳቤ ላይ አረፈ። አውርጄ የማሽኑ ገበታ ላይ ለጠፍኩት። በፑንታው ቦታ ሹል መርፌ አሰርኩና ማኅተሙ መሐል ላይ አንዲት ነጥብ መታሁ። ይህች የጋሽ ሸምሱ ነጥብ ናት። ፑንታውን መልሼ አስርና ማሽኑን ሄደህ ጉጥ ያለበትን እንጨት ቅረጽ፣ ዙር፣ ተመለስ እለዋለሁ፤ ሲመለስ በፑንታው ቦታ መርፌውን አስርና ማኅተሙ ላይ አሳርፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ሁለተኛ ቀዳዳ ወጣ። የላላውን አጠበቅኩ፤ ብሎኗን ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ መርፌው ከነጥቧ ሌላ ቦታ አልወረደም።

አዲሱን ኢምፔለር ቀረጽኩ። ሚዛኑ ለመስተካከል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው የፈለገው። ለፓምፑ አዲስ ዘንግ ከጭነት መኪና የኋላ እግር ብረት በቶርኖ አወጣሁ፤ የተሰነጠቀውን ቤቱን በነሐስ በየድኩት። የቀረው ክልከላው ነው። ለአዴ ሎኮ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ቱቦውን ገደል ለገደል የተሸከምነው እኛ ነን አሉ፤ ኮሚቴያችንም ማኅተም አለው። ወረቀት አጻፉ፣ ደምሴ ይሠራልን ብለው ፈረሙ፣ ማኅተማቸውን በትንፋሻቸው አሙቀው መቱት። ሕግ ከመጣ እኔ ጋ ይምጣ አሉ።

በዚህኛው ቀን እልልታም ፍየልም አልነበረም፤ አዴ ሎኮ ከልክለዋል። ሞተሩ ጠዋት ተነሳ። እኔ መሬቱ ላይ ተቀምጬ ንዝረቱን በእግሬ አዳመጥኩ። እኩለ ቀን ሆነ፣ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፣ ከብቱ ከግጦሽ ተመለሰ። መሬቱ ጸጥ እንዳለ ነው። ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ አዴ ሎኮ ተነሱና ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሞሉት። ከዚያ እኔ ፊት አምጥተው አስቀመጡት። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ያ እንግዳ የፈለጋት ሰሌዳ አሁን ማሽኑ ላይ አለች። ማሽኑ ራሱ ነው የቀረጻት፤ ነገሌ ቦረና፣ ሸምሱና ደምሴ ትላለች። ሰዓዳ ስሟ ስለቀረ ተቀይማኛለች፤ ልክ ናት፣ እጨምርላታለሁ። ከገናሌው ወዲህ ለስንት መንደር እንደሠራሁ አልቆጥርም።

አንድ ሰው ግን ልጨምር። ባለፈው በጋ ደጄ ላይ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቆመ። የወረደው ኃላፊያችን ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተበላ ኢምፔለር ይዟል። ፊልቱ አካባቢ ፓምፕ ቆሞበታል፤ ዕቃው ታዟል፣ አልመጣም። እንደምን ዋሉ ጋሽ ደምሴ አለኝ፤ ዓይኑ ግን ገበታው ላይ ነው። የራሱን ፊርማ አወቀው። ጎንበስ ብሎ ማኅተሙን አየና ይህን ለምን እዚህ ለጠፉት ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ ልክ መሆኑን የምፈትነው በዚህ ነው አልኩት። መርፌውን አሰርኩና ማሽኑን ለቀቅኩት። ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰና ማኅተሙ መሐል ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

ኃላፊው ጋዜጣውን ፈትቶ ኢምፔለሩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

«መቼ ይደርሳል?» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። አንድም ጊዜ የቀን ስም ተነግሮኝ አያውቅም።

«ሐሙስ» አልኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ጨረስኩት።